ጌታ የተቆጣበት ገና

ደባርቅ ላይ ሰው ለብዙ ነገር ይቀጠራል። ለአጨዳ ይቀጠራል፣ ለዘበኝነት ይቀጠራል፣ የሊማሊሞን ቁልቁለት ለሚወርድ መኪና ታኮ ለማቀበል እንኳ ይቀጠራል። ለመጫወት ተቀጥሮ የወር ደመወዝ የበላ ሰው ግን ያርጋል ሰጠኝ ብቻ ነበር። በዚህም ያልሳቀበት አልነበረም። ሳቁስ ባልከፋ! የከፋው ከሳቁ በኋላ የመጣው ነው። እሱንም ያደረሱበት የሳቁበት ሰዎች ሳይሆኑ ያጨበጨቡለት ናቸው።

ያርጋል የተወለደው ዳባት ነው። አራት ዓመት ሳይሞላው ተስቦ ገብቶ አባቱንም እናቱንም በአንድ ክረምት ወሰደበት። በአሥር ዓመት የምትበልጠው ደብሪቱ የምትባል እኅት ነበረችው። ዘመድ ተሰብስቦ «አንቺን እንድርሽ፣ እሱን ደግሞ በየተራ እናሳድገው» ሲላት፣ «ወንድሜ የደቦ በሬ ነው በየተራ የምትጠምዱት?» ብላ ልጁን አዝላ ደባርቅ ገባች። መጀመሪያ ሰው ቤት ሠራች፤ ኋላ ከመኪናው መንገድ ዳር ጠላ ቤት ከፈተች። ሊማሊሞን በጨለማ መውረድ የፈራ ሾፌር ሁሉ እሷ ዘንድ ያድራል። አፏ ኃይለኛ ነው፤ ሰክሮ ያስቸገራትን ሾፌር ያለ ዱላ በቃል ብቻ ከቤት ታስወጣው ነበር።

ያርጋል አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው የመንገድ ሥራ ካምፕ ገብቶ የሬንጅ በርሜል ያንከባልል ጀመር። ስሙ የወጣው ግን በበርሜል አይደለም፤ በገና ጨዋታ ነው። የገና ዕለት ከቀትር በኋላ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ወንድ ጫፉ የተቆለመመ ዱላውን ይዞ ሜዳ ይወጣል። ከወይራ ሥር የተጠረበችውን ሩር እየለጋ ከባላጋራው ዳር ለማድረስ ይጋፋል፣ ይላተማል፣ ቅልጥሙን ያስመታል። ያርጋል ግራኝ ነው፣ ክንደ ረጅም ነው፤ ሌላው ሩሯ መሬት እስክትወርድ ሲጠብቅ እሱ ከአየር ላይ ይመልሳታል። እሱ ያለበት ሰፈር ሦስት ዓመት ተከታትሎ አሸነፈ።

ያሸነፈ ሰፈር ደግሞ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ አይገባም። የተሸናፊውን ሰፈር ትልቅ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ በግጥም ይሸነቁጠዋል። ቆንቋና ነህ ይለዋል፣ ጠላህ ውኃ ውኃ ይላል ይለዋል። በሌላ ቀን ቢሆን አርባ ጅራፍ የሚያስገርፍ ቃል በዚያ ቀን ያስቃል፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተብሏልና። ጌታውም ስቆ ሙክት ያወጣል። እንዲያውም የሚያዝነው ያልተሰደበው ነው፤ ከሰው አልቆጠሩኝም ብሎ። ያርጋል ከዚህ ሕግ ጋር ነው ያደገው። ሌላ ሕግ አያውቅም።

በ1953 ዓ.ም. የካምፑ ኃላፊ ሚስተር ኒልሰን የሚባል ብስጩ ፈረንጅ መሐንዲስ ነበር። ይህ ሰው በካምፑ መካከል በሲሚንቶ የሜዳ ቴኒስ መጫወቻ አሠራ። መስመር አስቀባ፣ መረብ ወጠረ፣ ነጭ ልብሱን ለብሶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ነው አብሮት የሚጫወት ሰው እስከ ጎንደር ድረስ እንደሌለ ትዝ ያለው። ሁለት ወር ሙሉ ከመጋዘኑ ግድግዳ ጋር ተጫወተ። ግድግዳ ደግሞ አይደክምም፣ አይሳሳትም፤ ሰውዬው ይባስ ተበሳጨ። የገና ዕለት ፎቶ ሊያነሳ ሜዳ ወጥቶ ያርጋልን አየው። በማግሥቱ ከበርሜሎቹ መካከል ጠርቶ፣ በሰባራ አማርኛው «አንተ፣ ከዛሬ ጀምሮ በርሜል የለም» አለው። ያርጋል የተባረረ መስሎት ሊለምን ሲያጎነብስ ራኬት አስጨበጠው።

በደመወዝ መዝገብ «ቴኒስ ተጫዋች» የሚባል የሥራ ዓይነት ስለሌለ «የመሣሪያ ሠራተኛ» ተብሎ ተጻፈ። ደብሪቱ ነገሩን ስትሰማ ማንቆርቆሪያዋን አስቀመጠች።

«እና ሰው ወንድምሽ ምን ይሠራል ቢለኝ፣ ይጫወታል ልበል?»

«አዎ እታለም። ይጫወታል በይ።»

«ሚስት አታገኝም» አለችና ሾፌሮቹን ልታስተናግድ ሄደች።

የመጀመሪያውን ወር ያርጋል ኳሱን ሁሉ ከአጥሩ ውጭ ሰደደው። ገና ላይ ሩቅ የሰደደ ጀግና ነው፤ እዚህ ሩቅ የሰደደ ተሸናፊ ነው። ጉልበቱን ከመስመሩ ውስጥ ማሳደር እስኪለምድ ድረስ በላብ ተጠመቀ። ሲለምደው ግን መሐንዲሱን ከሳምንት ሳምንት እየተጠጋው፣ እየተጠጋው፣ በስድስተኛው ወር አሸነፈው። ፈረንጁ ራኬቱን መሬት ላይ ፈጠፈጠና ትንሽ ቆይቶ ሄዶ ጨበጠው። ለዚህ ሰው ክብር ይግባው፤ ቢበሳጭም ቂም አያውቅም ነበር።

የራኬቱ ጅማት ሲበጠስ ከውጭ አገር አስመጥቶ ለማስጠገን ሦስት ወር ይፈጃል። ያርጋል ሦስት ወር በርሜል ማንከባለል ስላልፈለገ ራኬቱን ይዞ ዳባት ወረደ። በዚያ አያ ዝናቡ የሚባሉ ሽማግሌ ከበግ አንጀት የበገና አውታር የሚከሩ ነበሩ። አያ ዝናቡ ራኬቱን ገለባብጠው አዩትና፣ «ይህ ደግሞ የምን በገና ነው? ሆድ የለው፣ ምን የለው» አሉ። ቢሆንም ሠሩት። እያንዳንዱን ክር በጥፍራቸው እየነኩ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው እያዳመጡ ወጠሩት። መሐንዲሱ ኳስ ሲመታበት ቆም ብሎ ራኬቱን አየ፣ ያርጋልን አየ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የደባርቅ ካምፕ ራኬት ሁሉ የሚጠገነው ዳባት ሆነ።

በ1955 ጎንደር አንድ ክበብ ውድድር አዘጋጀ። ፈረንጅ አስተማሪው፣ ነጋዴው፣ መኮንኑ፣ የባንክ ሰው ሁሉ ተመዘገበ። መሐንዲሱ ያርጋልን በመኪናው ይዞት ወረደ። ደብሪቱ ከአቡጀዲ የሰፋችለትን ቁምጣ ለብሶ፣ የሸራ ጫማ አድርጎ ሲገባ ኳስ ለቃሚ መስሏቸው ቅርጫት ሰጡት። ቅርጫቱን አስቀምጦ ተጫወተ። በሦስት ቀን ውስጥ አራት ሰው አሸነፈ፤ ለፍጻሜው አንድ ሻለቃ ገጥሞ እሱንም አሸነፈ። አጨበጨቡለት፣ ዋንጫውን አስይዘው ፎቶ አነሱት፤ ፎቶው እንዳለቀ ከእጁ ወሰዱት። ዋንጫው ከክበቡ አይወጣም አሉ፤ ለአባላት ብቻ ነው አሉ። ማታም ለእራት ሲጠሩት በወጥ ቤቱ በር እንዲገባ ነገሩት። አሸናፊውን በወጥ ቤት በር! ያርጋል መሐንዲሱን «ራበኝ፣ አገሬ ልግባ» ብቻ አለው። መሐንዲሱም ሳይበላ መኪናውን አስነሳ። አምባ ጊዮርጊስ ደርሰው ሁለቱም ከአንድ ምግብ ቤት ሽሮ በሉ።

ዋንጫ መቀማት ይቻላል፤ ወሬ ግን አይቀማም። በዓመቱ ከአዲስ አበባ የአንድ ትልቅ ኩባንያ ክበብ ሰው ላከበት። ሥራው ግልጽ ነበር። በሥራ ቀን ጠዋት ጠዋት የክበቡን አባላት ያሠለጥናል፤ እሑድ ለክበቡ ስም ይወዳደራል። አባሉን ሲያሠለጥን ኳሱን ለስለስ አድርጎ ይሰጣል፤ እሑድ ግን ማንንም አይምርም። ያርጋል ይህን ልዩነት ጥርት አድርጎ ያዘው። በ1957 የከተማው አንደኛ ሆነ፤ በ1958 ደገመው። ፎቶው ጋዜጣ ላይ ወጣ። አንድ ሾፌር ጋዜጣውን ደባርቅ ሲያደርሰው፣ ደብሪቱ በሊጥ ከጠላ ቤቷ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። «ወንድምሽ ምን ይሠራል?» ሲሏት ከእንግዲህ በአፏ አትመልስም፤ በጣቷ ታሳያለች።

በ1959 መግቢያ ላይ ትልቁ ነገር መጣ። ናይሮቢ ለሚደረግ ውድድር አራት ተጫዋቾች ተመረጡ፤ የያርጋል ስም አንደኛ ተጻፈ። ከዚህም የሚበልጥ ነገር ነበረው። አዲስ አበባ ሲጫወት ያየው አንድ የውጭ አገር አሠልጣኝ፣ «ናይሮቢ ላይ ከመጨረሻዎቹ አራት ከገባህ ወስጄህ ከአገር አገር በክፍያ ትወዳደራለህ፤ ካልመጣህ ግን የሚጠብቅህ የለም» ብሎት ነበር። ያርጋል ሃያ አራት ዓመቱ ነው። በቴኒስ እንዲህ ያለ ዕድል ለሃያ አራት ዓመት ሰው ሁለት ጊዜ አይመጣም፤ እሱም አውቆታል።

ፓስፖርት ለማውጣት ግን ከትውልድ አገሩ ባላባት ማኅተም ያረፈበት የተወላጅነትና የጠባይ ምስክር አምጣ ተባለ። እስከ ጥር ሃያ ካልደረሰ ስሙ ይሰረዛል። ሁለት ጊዜ የከተማው አንደኛ የሆነ ሰው፣ ጋዜጣ ያወቀው ሰው፣ መኖሩን የሚመሰክርለት ባላባት ያስፈልገው ነበር! ያርጋል የገና ዋዜማ በአውቶቡስ ደባርቅ ገባ።

ባላባቱ ፊታውራሪ ሽበሺ ናቸው። ከደባርቅ እስከ ዳባት የእሳቸውን ማኅተም ያየ ጸሐፊ ወረቀቱን ሳያነብ ይቀበላል። ያርጋልን ሲያዩት ከወንበራቸው ብድግ አሉ፤ ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ «የአገሬ ኩራት!» አሉት። «ደብዳቤውን ከገና ማግሥት ውሰድ። ነገ ግን አንድ ነገር ትሠራልኛለህ። ልጄ ካሴ ከእንግሊዝ አገር ተመልሷል፤ ቴኒስ ተምሮ መጥቷል። ዋልያ ለማየት የመጡ ከአዲስ አበባ ሹማምንትና ፈረንጆች እኔ ዘንድ አሉ። ካምፑ ሜዳ ላይ ግጠሙና እንያችሁ።»

«እሺ ጌታዬ» አለ ያርጋል። ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ «እንደ ሥልጠና ነው ወይስ እንደ ውድድር?» ሲል ጠየቀ።

ፊታውራሪ ሳቁ። «ገና አይደለም እንዴ? በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ! ክንድህን እንዳትቆጥብ።»

ልብ በሉ፤ ይህን ያሉት እሳቸው ናቸው። ማንም አላስገደዳቸውም። በአራት ምስክር ፊት፣ በገዛ አፋቸው።

በማግሥቱ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር የገናውን ጨዋታ ጨርሶ ዱላውን እንደ ያዘ ወደ ካምፑ ጎረፈ። ሽቦውን ከቦ ቆመ። ፊታውራሪ ከእንግዶቻቸው ጋር በተነጠፈ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ልጅ ካሴ ከራስ እስከ እግሩ ነጭ ለብሶ ወጣ፤ አለባበሱ ያለ ነቀፋ ነበር። ጨዋታው ግን ምን ይወራል? ኳስ ወደ ቀኝ ሲመጣበት ወደ ግራ ይሄዳል። ሁለት ጊዜ ከሮጠ ወገቡን ይዞ ይቆማል። የመጀመሪያው ዙር ስድስት ለዜሮ አለቀ፤ ሁለተኛው ስድስት ለአንድ። አንዷንም ያርጋል የደባርቅ ንፋስ አሳስቶት ነው የሰጠው።

ሕዝቡ ዱላውን ከሽቦው ጋር እያጋጨ «ግጥም! ግጥም!» ብሎ ጮኸ። ለእነሱ ገና ነው፤ አሸናፊ አለ፣ ተሸናፊ አለ፣ ጌታ ተቀምጧል። ግጥም ሳይባል እንዴት ይለያያሉ? ለያርጋልም እንደዚያው ነበር። ሦስት ዓመት ከአገሩ ርቆ ገናን በአገሩ ማሳለፉ ነው፤ ልቡ ሞቋል። ራኬቱን እንደ ገና ዱላ ትከሻው ላይ አድርጎ ከፊታውራሪ ፊት ቆመና እንዲህ አለ፦

«በፊታውራሪ ቤት ጮማው ተትረፍርፎ፣
ልጅዎ ምን ጎደለው የሚሮጥ አርፎ አርፎ?»

አገር በሳቅ ፈረሰ። ፊታውራሪም ሳቁ፤ ከልባቸው ሳቁ፤ እጃቸውን ወደ አሽከራቸው ዘርግተው ሙክት ሊያዙ ሁሉ ነበር። ይህን ሰው ሁሉ አይቷል። ይሁንና ከእንግዶቹ አንዱ ፈረንጅ ምን እንደተባለ ጠየቀ፤ አስተርጓሚውም የተማረ ሰው ነውና አንድ ቃል ሳያስቀር ተረጎመለት። ፈረንጆቹ እርስ በርሳቸው ተያይተው ሳቁ። ከአዲስ አበባ የመጡት ሹማምንትም መሐረብ አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ፊታውራሪ ያን ጊዜ ነው ሳቃቸውን ያቆሙት። የዘረጉትን እጅ ሰብስበው ካባቸው ውስጥ ከተቱት። በአገር ሰው መሰደብ ጨዋታ ነው፤ በእንግዳ ፊት መሳቂያ መሆን ግን ሌላ ነገር ሆኖ ተሰማቸው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ያርጋል ይህን ሁሉ አላየም፤ ሰፈሩ ተሸክሞት ይጨፍር ነበር።

ከገና ማግሥት ደብዳቤውን ሊቀበል ሄደ። ዘበኛው «ፊታውራሪ አልተመቻቸውም» አለው። በሦስተኛው ቀን «እንግዳ ሸኝተው ደክሟቸዋል» አለው። በስድስተኛው ቀን ዘበኛው ምክንያት መፍጠር ሰልችቶት በሩን ብቻ ዘጋበት። ጥር አምስት ላይ የሰፈሩ ሽማግሌ መሪጌታ ተክለ ማርያም ወደ ደብሪቱ ጠላ ቤት መጡ። ፊታውራሪ ዘንድ ገብተው ነበር፤ ፊታቸው አላማረም።

«ቅር ብሏቸዋል» አሉ። «ሽምግልና ተቀብለዋል፤ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቀኝ ብለዋል።»

ያርጋል ከመደቡ ተነሳ። «የኔታ፣ ምን አጠፋሁ? ክንድህን አትቆጥብ ያሉኝ እሳቸው አይደሉም? የገናውን ሕግ የጠሩት እሳቸው አይደሉም?»

«ናቸው።»

«ታዲያ ድንጋዩ በማን አንገት ነው የሚገባው?»

መሪጌታ ጢማቸውን ያዙ። «ልጄ፣ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማህም? እሳቸው ደግሞ ለዚህ አገር ከንጉሥ አያንሱም። የእውነቱን ብትጠይቀኝ እውነቱ ያንተ ነው። ማኅተሙ ግን የእሳቸው ነው።»

«አልሸከምም» አለ ያርጋል። «የነጠቁኝን ዋንጫ ትቼ ሄጃለሁ። በወጥ ቤት በር ግባ ሲሉኝ ትቼ ሄጃለሁ። ይህን ግን እንዴት ብዬ እተወዋለሁ?»

ያን ጊዜ ደብሪቱ ተናገረች። ሾፌር በቃል የምታባርረው ደብሪቱ በዚያን ቀን ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «ወንድሜ፣ ስማኝ። ድንጋይ አንገት ያቆስላል እንጂ አይሰብርም። የአንድ ጠዋት ነገር ነው። አሥራ አምስት ቀን ነው የቀረህ፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠብቅህ የለም ያልከኝ አንተ ነህ። ለእኔ ብለህ ተሸከመው። ደብዳቤውን ተቀበልና ሂድ፤ ካለፈ በኋላ እኔም አንተም እንስቅበታለን።»

ያርጋል ፊቱን ወደ ግድግዳው፣ ወደ ጋዜጣው ፎቶ መለሰ። በመጨረሻ «እሺ» አለ። ያን «እሺ» ለማለት ምን እንደፈጀበት እሱና እግዜር ያውቃሉ።

በማግሥቱ ጠዋት ሦስቱም ወደ ፊታውራሪ ግቢ ወጡ። መሪጌታ ከፊት፣ ያርጋል ድንጋዩን በማጅራቱ ላይ አድርጎ በመካከል፣ ደብሪቱ ነጠላዋን አደግድጋ ከኋላ። ከደጃፉ ላይ አቤቱታ የያዘ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ከሳምንት በፊት በትከሻው ተሸክሞት የጨፈረም ነበረበት። ያ ሰውዬ መሬት መሬት አየ።

ፊታውራሪ የአንድ በቅሎ ክርክር ይሰሙ ነበር። ያርጋል ተንበረከከ፤ ቀና ብለው አዩትና ወደ በቅሎዋ ተመለሱ። ሻጩ ተናገረ፣ ገዢው ተናገረ፣ ምስክር ተጠራ። የበቅሎዋ ጥርስ ስንት እንደሆነ ተከራከሩ። ድንጋዩ የያርጋልን ማጅራት ፍቆ ደም በአንገትጌው ውስጥ ሲወርድ ፊታውራሪ የበቅሎ ጥርስ ያስቆጥሩ ነበር። መሪጌታ ሁለት ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በመጨረሻ ክርክሩ ለሌላ ቀን ተቀጠረ።

«ምን አጥፍተህ ነው?» አሉ ፊታውራሪ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ።

ያርጋል ጥርሱን ነከሰ። «በድያለሁ ጌታዬ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር። አውርዱለት።»

አሽከሮች ድንጋዩን አወረዱለት። ሰው ሁሉ «እሰይ!» አለ። ያርጋል ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመና፣ «እንግዲህ ደብዳቤውን ቢያዙልኝ፤ ዛሬ አውቶቡስ እደርሳለሁ» አለ።

ፊታውራሪ የገረማቸው መሰሉ። «የምን ደብዳቤ? እሱማ አለቀ እኮ። ካሴ ከትናንት ወዲያ ከጎንደር በአውሮፕላን ሄዷል፤ ናይሮቢ የሚሄደው እሱ ነው። ከላይ ላሉት ወዳጆቼ፣ ያርጋል ታሟል፣ መንገድ አይችልም፣ በእሱ ፋንታ ልጄ ይሂድ ብዬ ጻፍኩላቸው። ባለጌ ነው ብዬ መጻፍ እችል ነበር፤ ስምህ እንዳይጠፋ ብዬ ነው የተውኩት። ይህን ውለታ አትርሳ።»

ሽምግልና ሲቀበሉ ያውቁ ነበር። ድንጋይ ይሸከም ሲሉ ያውቁ ነበር። በቅሎዋን ሲያከራክሩም ያውቁ ነበር። ልጃቸው ሄዷል፣ ቦታው ተይዟል፣ የቀረው የሰውዬው አንገት ብቻ ነበር፤ እሱንም አላለፉትም። ከዚህ የሚብስ ነገር ያየ ካለ ይንገር።

«አልታመምኩም» አለ ያርጋል። «አልታመምኩም» ብሎ ደገመው። መሪጌታ ተክለ ማርያም ፊታቸው አመድ መሰለ፤ እሳቸውም አላወቁም ነበር።

ደብሪቱ ነጠላዋን አጠበቀች። ሄዳ ድንጋዩን ካስቀመጡበት አነሳች፤ ደሙ እጇን ነካት። በሁለት እጇ ተሸክማ መጥታ ከፊታውራሪ እግር ሥር፣ ካባቸው ጫፍ ላይ አስቀመጠችው። አሽከሮቹ እስኪነቁ ድረስ ጨርሳ ነበር።

«ጌታዬ» አለች። «የወንድሜ ጥፋት አንዲት ግጥም ነች። ይኸው ተሸከመላት፣ ማሩት፤ ለእሱ ጨርሰናል። አሁን ደግሞ ጤነኛውን ሰው በሽተኛ ብለው፣ የእሱን ቀን ለልጅዎ የሰጡት እርስዎ ነዎት። ይህ ድንጋይ የእርስዎ ነው። ሲመችዎ ይሸከሙት፤ እኛ ቤት ነን።»

አንድ አሽከር ድንጋዩን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል መሪጌታ ተክለ ማርያም መቋሚያቸውን ዘርግተው ከለከሉት። «ተወው» አሉ፤ «ሸክሙ ያንተ አይደለም።» ከዚያም ለፊታውራሪ እጅ ሳይነሱ ቀድመው ወጡ።

ልጅ ካሴ ናይሮቢ ላይ በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ጨዋታ መሸነፉ የተሰማው በየካቲት ነው። ያ የውጭ አገር አሠልጣኝም ከዚያ በኋላ አልጻፈም። ያርጋል አዲስ አበባ ተመልሶ ሌላ አራት ዓመት የከተማው አንደኛ ሆኖ ኖረ፤ አገር ለቆ ግን አልተጫወተም። የዚያን ዕለት ይህን ሁሉ አላወቁም። ከፊታውራሪ ግቢ ወርደው በመኪናው መንገድ ዳር ሁለቱም ሄዱ። ጠላ ቤቱ ሲታይ ያርጋል ቆመ።

«እታለም፣ ቤቱን ያዘጉብሻል። ቦታው የእሳቸው ነው።»

ደብሪቱ የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርሳ የማጅራቱን ደም እየጠረገች፣ «ያዘጉት» አለች።

በሳምንቱ አዘጉት።